መቅዘፊያ አለብህ

ሳን ኢላሪዮ፣ ማርች 12 ቀን 1973

ቲላ፣

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሳይበርድልኝ ልንገርሽ፤ ሰላምታው ቆይቶ ይደርሳል። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከዋና ከተማ የመጣ የጭነት መኪና ወደቡ ላይ ቆመ። ሁለት ሠራተኞች መሰላልና አንድ ባልዲ ሙጫ ይዘው ወረዱ። «ምንድነው ይሄ?» ብላቸው «የቱሪስት ቢሮ ትእዛዝ ነው፣ አባት» አሉኝ። የታንኳ ተራ ከምጽፍበት ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ያለውን የድሮውን የዓሣ መጋዘን ታውቂው የለ፤ ግድግዳውን ከታች ጀምረው መለጠፍ ያዙ። መጀመሪያ ውሃ መጣ። ከዛ ታንኳ። ከዛ ጉልበትሽ፣ ከዛ ሰማያዊው ሻልሽ፣ ከዛ አገጭሽ። ሦስት ሰዓት ላይ ፊትሽ ተሟላ። አንዱ ዓይንሽ ብቻ ጠረጴዛዬን ያክላል። ቁርሳቸውን በልተው ከሆቴሉ የወጡ ቱሪስቶች አጨበጨቡ። አንዷ ሴትዮ መቅዘፊያ ካነሳው ክንድሽ ሥር ቆማ ፎቶ ተነሳች። እኔ አራተኛ ተራን ለሁለት ቤተሰብ ጽፌ ሊደባደቡብኝ ነበር።

እና ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? ካንቺ ሐሳብ በስተቀር ደህና ነኝ እንዳልልሽ፣ ሐሳቡ ብቻውን ይበቃኛል። የልጅ ልጃችንን ሳሚልኝ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። ጣሪያው ይዟል። ዶሮዎቹ ስድስት ናቸው፣ ሰባተኛዋን አትጠይቂኝ። ጥርሴን አልተነቀልኩም፣ ግን እብጠቱ ጎደል ብሏል። ገበያ የምትሄድልኝ ዶኛ ክሬሴንሲያ ናት፤ እሷም የበቆሎ እርሻዋን ለሆቴሉ ከሸጠች ወዲህ የምትሠራው አጥታ ነው።

እኔ ደግሞ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። የልጃችን የኔሬይዳ አራስነት አርባ ቀኑ ፌብሩዋሪ 27 ላይ ሞልቷል። ዛሬ አሥራ ሦስተኛው ትርፍ ቀን ነው። አትቆጪኝ፣ እኔ እንደምቆጥር ታውቂያለሽ።

ከተማው ትተሽው እንደሄድሽው አይደለም። ሆቴሉ ሦስተኛ ፎቅ እየጨመረ ነው። ዓሣው ከባሕር ዳርቻ በበረዶ መኪና ነው የሚመጣው፤ የኛ ሰው ሐይቁ ላይ ማጥመዱን ትቶ ቱሪስት ያንሸራሽራል። ባርኔጣ አውላቂዎቹ አራት ነበሩ፣ ለትንሣኤ ሰሞን ስድስት ሆነዋል። የፈረቃቸውን ስም የምጽፈው እኔ ነኝ። አስቢው እስቲ። ድሮ መቅዘፊያ የምናነሳው ለራሳችን ሰው ብቻ ነበር። ከማዶ ስትመጪ የሚጠብቅሽን ሰው ዳር ላይ ካየሽ ቀጥ አድርገሽ ታነሺያለሽ፣ እሱ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ አይቼሻለሁ፣ ነይ ማለት ነው፣ አለቀ። አሁን ታንኳ የተከራየ ሁሉ ላገኘው ሁሉ ያነሳል፣ ሆቴሉ የቀጠራቸው ደግሞ ላነሳው ሁሉ ያወልቃሉ። ትናንት ሽማግሌው ዶን ኤልፒዲዮ ከማዶ ሲመጣ እውነተኛውን አንስቶልኝ ኖሮ፣ ስጽፍ አላየሁትም። ወርዶ «አንተ ልጅ፣ መቅዘፊያ አለብህ» አለኝ፤ ያልተመለሰ መቅዘፊያ ዕዳ ነው። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ለሱ አሁንም ልጅ ነኝ።

ይሄ ሁሉ ያንቺ ፎቶ ያመጣው ነው። በ1960 ያ ላንዴሮስ የሚባል ፎቶ አንሺ ዘጠኝ ቀን ሰንብቶ ሄደ፤ በዓመቱ ፖስተር ሆነሽ መጣሽ፣ ከእግርሽ ሥር «ኑ፣ እየጠበቅናችሁ ነው» ተጽፎ። መጀመሪያ ጊታር የያዙ ሁለት ሰዎች መጡ። ከዛ አንድ አውቶቡስ። ከዛ አስፋልቱ። እነሆ አገር ምድሩ ሚስቴን ያውቃል። እኔን ግን መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቁኛል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሱቅ ውስጥ የምናውቀው ፎቶ ታችኛው ጠርዙ የተቆረጠ ነው ለካ። ይሄኛው ሙሉው ነው። ከታች የወደቡ ሳንቃ ይታያል፤ ሳንቃው ላይ ሁለት ጥላ ወድቋል። ከአንዱ ፊት ባለ ሦስት እግር ነገር አለ፣ እሱ ላንዴሮስ ከነካሜራው ነው። ሁለተኛው ባርኔጣ ያደረገ ወንድ ነው። ማን ነው?

ባልሽ ኦዲሎን


ሜክሲኮ ከተማ፣ ማርች 19 ቀን 1973

ኦዲሎን፣

ልጁ ወፍሯል። ያንተን ጆሮ ይዞ ነው የመጣው፣ ምን ይደረግ። ኔሬይዳ ደህና ናት፣ ጡቷ አስቸግሯት ነበር አሁን ተሽሏታል። ባሏ ሰላም ይልሃል። ሰባተኛዋን ዶሮ አልጠይቅህም፣ በልተሃታል። ጥርስህን ተነቀል።

የክሬሴንሲያ ልጅ ለኔሬይዳ በስልክ የነገረቻት ነገር አለ። ግድግዳው ላይ ያለሁትን እኔን አንድ ሰው በሸራ ሸፍኖኛል አሉ። ቱሪስቶቹ ሸራውን ገልጠው ከሥር እየገቡ ፎቶ ይነሳሉ፣ እንደውም ከበፊቱ የበለጠ ይወዱታል አለች። ሰውየውን ታውቀው እንደሆን ጻፍልኝ።

ላንዴሮስ እሑድ መጥቶ ነበር። ለልጁ የብር ማንኪያ አመጣ። ከሜይ እስከ ጁን መጨረሻ ትልቅ የፎቶ አውደ ርዕይ አለው፤ ሰማያዊውን ሻል ለብሼ ከፖስተሩ አጠገብ እንድቆም ለመነኝ። ገና መልስ አልሰጠሁም።

አርባውን ቀን ስለቆጠርክልኝ አመሰግናለሁ። እኔም የምቆጥረው አለኝ።

ቲላ


ሳን ኢላሪዮ፣ ማርች 24 ቀን 1973

ቲላ፣

ሸራውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ለዝናብ ብዬ ነው። ወረቀት መሆኑን አትርሺ። በማርች ዝናብ የለም እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ ግን ሰማይ አይታመንም። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጠርቶኝ «ዶን ኦዲሎን፣ ሴትዮዋ የከተማዋ ንብረት ናት» አለኝ። እኔ ደግሞ ሴትዮዋ ሃያ ሦስት ዓመት ያገባኋት ሴት ናት አልኩት። እሱ መጤ ነው፣ አያውቅም ነበር። ደነገጠና ቡና አዘዘልኝ። ሸራውን ግን አውርድ አለኝ። አላወረድኩም፣ እሱም ለጊዜው ዝም ብሏል።

የብር ማንኪያ። እሺ። አንድ ሰው ለሰው የልጅ ልጅ የብር ማንኪያ የሚያመጣው በምን ምክንያት ነው? ቤቱን ማን አሳየው? ሲመጣ አማችሽ እቤት ነበር ወይስ ሥራ ላይ? ስንት ሰዓት ቆየ? የምጠይቀው ለማወቅ ያህል ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ዛሬ ልጻፈው። ያን ዓመት ተጣልተን እናትሽ ቤት ማዶ ሄድሽ። ሰባት ሳምንት ቆየሽ። ላንዴሮስ እዚህ በነበረ ጊዜ ነው የተመለስሽው፤ ማታ ቤት ስገባ ምድጃው ጋ አገኘሁሽ። እና እኔ እስከ ዛሬ የማስበው፣ እቤትሽ በገባሽ በማግስቱ ወይ በሠልስቱ፣ ለኔ አንድ ቃል ሳትናገሪ፣ ለማታውቂው ሰው ታንኳ ላይ ተቀምጠሽ ፈገግ አልሽለት ብዬ ነው። እኔ ያን ሰሞን ፈገግታ አላየሁም። እሱ ለአገር ሁሉ የሚበቃ አገኘ። ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛ ሰው አለ። ያን ሰሞን ባርኔጣ አድርገው ወደቡ አካባቢ የሚውሉትን ጻፍኩ፦

1. ዌንሴስላኦ ሥጋ ሻጩ። ጠየቅኩት። «ምነው ፖሊስ ሆንክ?» አለኝ። ያኔ ባርኔጣ አልነበረኝም፣ የገዛሁት ሆቴሉ አውልቅ ብሎ ሲቀጥረኝ ነው አለ። እውነቱን ነው። ተሰርዟል።

2. አስተማሪው ማካሪዮ። ሞቷል። እህቱን ብጠይቃት በሩን ዘጋችብኝ። ለጊዜው በእንጥልጥል ላይ ነው።

3. ዶን ኤልፒዲዮ። ያኔም ሽማግሌ ነበር። ቢሆንም ጽፌዋለሁ።

4. ዓሣ ነጋዴው ታዴዎ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም። ታውቂያለሽ።

ሰውየው ማን እንደሆነ ከነገርሽኝ ዝርዝሩን እቀድደዋለሁ። ሻሉን አልክም። ሻሉ ቤቱ ነው ያለው፣ ባለቤቱም ቤቷ ትምጣ።

ኦዲሎን


ሜክሲኮ ከተማ፣ ማርች 31 ቀን 1973

ኦዲሎን፣

እንደገና ዝርዝር።

የመጀመሪያውን ረሳኸው? በ1960 ደብተርህ ውስጥ ያገኘሁትን? ገበያ ላይ ከታዴዎ ጋር የቆምኩበት ቀን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ፣ ሳቅኩ አልሳቅኩ። አሥራ ሰባት መስመር። ለአንተ ሾርባ የሚሆን ዓሣ በርካሽ ለማግኘት የተከራከርኩትን ሁሉ ፍቅር አድርገህ ጽፈኸዋል። ልጄን ይዤ ማዶ የተሻገርኩት ስለ ሌላ ነገር አልነበረም። አሁን ደግሞ የሞተ ሰው እህት በር ላይ ቆመህ ትጠይቃለህ።

ላንዴሮስ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ግራ ጆሮው አይሰማም። የመጣው ከሚስቱ ጋር ነው፤ ማንኪያውን የመረጠችው እሷ ናት። ሁለት ሰዓት ቆዩ፣ አንዱን ሰዓት ሙሉ ስለ ኩላሊቱ አወራን። ይሄን በፊት ያልጻፍኩልህ ምን እንደምትጽፍ ለማየት ነው። አየሁ።

ፈገግታ የምትሉትም ፈገግታ አይደለም። በጠዋት ከማዶ ስትመጣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ጥርሴ ታየ። አገሩ ሁሉ የወደደው ይሄን ነው።

ላንዴሮስ የፎቶውን ቅጂ ሰጥቶኛል። ጀርባው ላይ ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1960 ይላል። ደብተርህን ክፈት። የማትከፍተው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ክፈተው።

ስለ ባለ ባርኔጣው ደግሞ ልንገርህ፣ ጠይቀሃላ። መቅዘፊያውን ያነሳሁት ለሱ ነው። ለካሜራው አይደለም፤ ካሜራ መኖሩንም አላወቅኩም። ለሱ አነሳሁ፣ እሱ ባርኔጣውን አላወለቀም። ማን እንደሆነ አንተው ድረስበት።

አውደ ርዕዩ ላይ እንደምቆም ለላንዴሮስ ሚስት ነግሬያታለሁ። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው አላውቅም። እዚህ ክፍል አለ፣ ኔሬይዳም ቅሪ ትለኛለች።

ቲላ


ሳን ኢላሪዮ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1973

ለወይዘሮ ዶሚቲላ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሰማያዊውን ሻል ታጥቦና ተተኩሶ በዛሬው አውቶቡስ ልኬልዎታለሁ፤ አውደ ርዕዩ ላይ ሲቆሙ ያስፈልግዎታል። ሰውየው ማን እንደሆነ ማወቅ አልፈልግም። ለማን መቅዘፊያ እንደሚያነሱ የራስዎ ጉዳይ ነው። ለልጆቹ ሰላምታ ያቅርቡልኝ።

ኦዲሎን

የሻሉ ጠርዝ አንድ ቦታ ተተርትሮ ነበር። ሰፍቼዋለሁ።


ሳን ኢላሪዮ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1973

ቲላ፣

«እርስዎ» ያልኩበትን ደብዳቤ ቅደጂው። ቀድደሽው ከሆነ ደግሞ ጥሩ አድርገሻል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የሆነውን ልጻፍልሽ። ሸራውን ነፋስ በጥሶት ነበር፣ እኔም መልሼ አልሰቀልኩትም፤ ማን ቢያይሽ ምን አገባኝ ብዬ። ዶን ኤልፒዲዮ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

«ሰውየውን አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም። ማግኘትም አልፈልግም።»

«እኔም ዝርዝሩ ላይ አለሁ ሲሉ ሰማሁ።»

«ተሰርዘዋል፣ ዶን ኤልፒዲዮ።»

«ለምን? ያኔ እኮ ጥርሴ ሙሉ ነበር።»

አልሳቅኩም። እሱ ዓይኑን አጥብቦ ግድግዳውን ያያል። «ለመሆኑ ጥላው ክንዱ ላይ የያዘው ምንድነው? ትሪ ነው? አስተናጋጅ ነው እንዴ ሰውየው?» አለኝ።

«ሰሌዳ ነው» አልኩት፣ ሳላስበው።

«የምን ሰሌዳ?»

«የመጻፊያ ነዋ። ይኸው፣ እርሳሱ የታሰረበት ክር እንኳ ተንጠልጥሎ ይታያል።»

ከግድግዳው ዞሮ ወደኔ አየ።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «በዚህ ከተማ እርሳሱን ሰሌዳው ላይ በክር አስሮ የሚዞር ስንት ሰው ታውቃለህ? እስቲ ዝርዝር አውጣ።»

ሰሌዳው እጄ ላይ ነበር፣ ቲላ። ክሩም። ወደ ግድግዳው አየሁ፣ ወደ እጄ አየሁ። ከኋላችን ባርኔጣ አውላቂዎቹ መሳቅ ጀመሩ፤ ዌንሴስላኦ ሳቁን ሊደብቅ ብሎ ሲያስል ባርኔጣው ውሃ ውስጥ ወደቀ። ስድስት ቱሪስት ወረፋ ይጠብቃል። ተራቸውን ሳልጽፍ ተነስቼ ሄድኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ጠረጴዛዬን ጥዬ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት ገብቼ የስልሳውን ደብተር አወጣሁ። ያን ደብተር ያቺ አሥራ ሰባት መስመር ስላለችበት ነው የማልከፍተው። የኤፕሪል 26ቱን እንዳለ እገለብጥልሻለሁ፦

«ማክሰኞ። የወደቡ ሳንቃ ቆጠራ 118። የተሰነጠቀ 9። ምስማር የለቀቀ 14። አንድ ፎቶ አንሺ ከጎኔ ቆሞ ፈቀቅ በል ይለኛል፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ዝም አልኩት። ማታ ቤት ስገባ ቲላና ልጅቷ ተመልሰዋል። ሾርባ አለ። ምንም አልጠየቅኩም።»

ይኸው ነው የተጻፈው። አሁን ያልተጻፈውን ልንገርሽ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደቡ ላይ የምቆመው ለሳንቃ ብዬ አልነበረም። ከማዶ ትመጪ እንደሆን ለማየት ነው። ሚስቱ ጥላው ሄዳ ውሃ ውሃ ያያል እንዳይሉኝ ሰሌዳ ይዤ የምቆጥር መስዬ እቆም ነበር። አንድ ቀንም በትክክል ቆጥሬ አላውቅም፤ እንዲሁ እርሳሴን አንቀሳቅሳለሁ፣ ዓይኔ ማዶ ነው። ያን ማክሰኞ ግን የከተማው ሊቀ መንበር ቁጥሩን እስከ ቀትር እፈልጋለሁ ስላለኝ እውነትም ቆጠርኩ። ከሰባት ሳምንት አንድ ቀን። እሱኑ ቀን።

አሥራ ሦስት ዓመት በላንዴሮስ ቀናሁ። ከዛ በታዴዎ፣ ከዛ በሞተ አስተማሪ። አሁን ተራው የራሴ ጥላ ሆነና፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሁሉም አብልጬ የቀናሁት በሱ ነው። አንቺ መቅዘፊያ ያነሳሽው ለሱ ነዋ። ባርኔጣህን አውልቅ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ብዬ እናደድበታለሁ።

ስለ ዝርዝሩ ይቅርታ። ስለ ሁለቱም ዝርዝር። የማካሪዮን እህትም ዛሬ ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ በሩን አልከፈተችም፣ ግን ከውስጥ «እሺ» ብላለች።

አውደ ርዕዩ ላይ ብትቆሚም አልከፋም። ይሄን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው።

ኦዲሎን


ሜክሲኮ ከተማ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1973

ኦዲሎን፣

ሻሉ ደረሰኝ። ስፌቱ ጠማማ ነው፣ አልፈታሁትም።

ያን ጠዋት የሆነውን እኔም በኔ በኩል ልጻፈው፣ ሁለታችንም ጋ እንዲኖር። ኔሬይዳ ታንኳው አፍንጫ ላይ ሸማ ተከናንባ ተኝታ ነበር። ቱሪስቶቹ ፎቶው ላይ የአበባ ቅርጫት የሚሏት እሷ ናት። ከሩቅ ባርኔጣህን አየሁ። እየጠበቀኝ ነው አልኩ። መቅዘፊያዬን አነሳሁና ታንኳዋን አቁሜ ጠበቅኩ። ክንዴ እስኪዝል ድረስ። ካወለቀልኝ እገባለሁ፣ ካላወለቀልኝ አዙሬ እናቴ ቤት እመለሳለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አላወለቅክም። እኔም ላዞር ስል ልጅቷ ነቃችና «እማ፣ ራበኝ» አለች። የወረድኩት ለሷ ነው። ከጀርባህ ሳልፍ «ሰባ ሦስት፣ ሰባ አራት» ትል ነበር። ስምህን ልጠራ ነበር። ደግሞ ተናደድኩ። አይቶኝ ነው የተወኝ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የኖርኩት።

ከዚያ ወዲህ ያን ፎቶ ያላየሁበት ቀን የለም። ሱቅ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ፣ የክብሪት ቀፎ ላይ። ሰው ሁሉ ምን ያምራል ይላል። እኔ የማየው ያልተመለሰልኝን መቅዘፊያ ነው። አገሩ በሙሉ ሊመልስልኝ መጣ፣ ኦዲሎን። አስፋልት ሠርቶ፣ ሆቴል ሠርቶ፣ ባርኔጣ ገዝቶ መጣ። ተቀጥረው ሁሉ አወለቁልኝ። አንተ ከሥራቸው ተቀምጠህ ስማቸውን ትጽፋለህ።

ሰባት ሳምንት መቆምህን አላወቅኩም ነበር። ለምን አልነገርከኝም አልልህም፣ እኔም አልነገርኩህም። አንብቤው ልጁን ለኔሬይዳ ሰጥቼ ሰገነት ላይ ወጣሁ። ኔሬይዳ «አባባ ምን አለ?» ስትለኝ «ሳንቃ ሲቆጥር ነበር» አልኳት።

ለላንዴሮስ ሚስት አልቆምም ብያታለሁ። ያንተ «አልከፋም» ስለደረሰኝ አይደለም፣ ደግሞ እንዳይመስልህ። ልጁን አቅፎ መዋል ይሻለኛል ብዬ ነው።

ኤፕሪል 26 ዘንድሮ ሐሙስ ነው። በአውቶቡስ እስከ ማዶ እመጣለሁ፣ ከዚያ ጠዋት በወንድሜ ታንኳ ብቻዬን እሻገራለሁ። ሻሉን ለብሼ። መቅዘፊያ ግን አላነሳም። እኔ አንስቻለሁ። የምትመልስ ከሆነ በሩቁ አየዋለሁ፣ ካልሆነም የእናቴ ቤት ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ራበኝ የሚል ልጅ ታንኳው ውስጥ የለም።

ቲላ


ሳን ኢላሪዮ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1973

ቲላ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ቦታ ሄጃለሁ። የቸኮልኩት ከበዓሉ በፊት በሚወጣው ፖስታ እንዲደርስሽ ነው። ከተማው ሞልቷል፤ ሰው መኪናው ውስጥ ያድራል። ለታንኳ ወረፋው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሷል።

ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ስድስት ሰው ተቀጥሮ ለመጣው ታንኳ ሁሉ ባርኔጣ በሚያወልቅበት ወደብ ላይ የኔን እንዴት ትለዪዋለሽ? ፀሐይዋ ደግሞ ዓይንሽ ውስጥ ናት። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄጄ የዚያን ዕለት ጠዋት ሰዎቹ ቤታቸው ይዋሉ አልኩት። «ደንበኛ ይቀየማል» አለኝ። ምክንያቱን ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ ግን እሱ ሰምቶ ማስታወቂያ እንዳያደርገው ፈራሁና ተውኩት።

ከዛ ሰዎቹን ራሳቸውን ሰበሰብኳቸው። መናገር አቃተኝ፣ ስለዚህ ዶን ኤልፒዲዮ ተናገረልኝ። «ሐሙስ ጠዋት ይሄ ልጅ ዕዳውን ይከፍላል። እሷ እስክትወርድ ድረስ ባርኔጣውን የሚነካ ሰው ካለ እጁን በመቅዘፊያ እመታዋለሁ» አለ። ዌንሴስላኦ «ደሞዝ የሚከፈለኝ ለማውለቅ ነው፣ ላለማውለቅ በነፃ እሠራለሁ» አለ። ቱሪስቱ ያንሳ፣ ይጩህ፣ ለሥራ አስኪያጁ ይክሰስ። ስድስቱም ባርኔጣቸውን አጥብቀው ይቆማሉ። የሚወልቅ አንድ ባርኔጣ ካየሽ የኔ ነው። ከመሐል ሳይሆን ጫፉ ላይ እቆማለሁ፣ ያን ጊዜ የቆምኩበት ሳንቃ ላይ። ግድግዳው ላይ ካለው ጥላ ለክቼ ቦታውን አግኝቼዋለሁ፣ በኖራ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ከስንት ሰዓት ጀምሮ ትቆማለህ እንዳትዪኝ። ጎህ ሲቀድ እመጣለሁ። እጄ ላይ ምንም አይኖርም። ሰሌዳውን ለዶን ኤልፒዲዮ ሰጠሁት፣ ዓሣ ሊከትፍበት ነው። ይልቅ እጄን ምን እንደማደርገው ጨንቆኛል። ያለ ሰሌዳ ስቆም ሰው ሁሉ ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ ያያል። ይይ።

ብታዞሪም አልቆጣም ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ስለሆነ ተውኩት።

ኦዲሎን

ስትመጪ እንድታውቂው የቤቱን ሁኔታ ጽፌልሻለሁ። ጣሪያው ደህና ነው። ዶሮዎቹን አምስት በያቸው። ጥርሴ ተነቅሏል። ሸራው ዶሮ ቤቱ ላይ ነው። ከስልሳው ደብተር አሥራ ሰባት መስመር ያለባት ገጽ ተቀድዳ ምድጃ ገብታለች፤ የኤፕሪል 26ቱን አስቀርቼዋለሁ። ለዶን ኤልፒዲዮ የነበረብኝ ትናንት ከማዶ ሲመጣ ባርኔጣዬን አውልቄለት ተከፍሏል።

ያልተከፈለ፦ ላንቺ፣ ከኤፕሪል 26 ቀን 1960 ጀምሮ፣ አንድ መቅዘፊያ።